ፕሮጀክት አትባልም ያልሻት ፕሮግራም

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የኮምፒውተር ሳይንስ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የኢንተርንሺፕ ማመልከቻ ጊዜ ሊያልቅ 2 ሳምንት ነው የቀረው። ቅጹ ክህሎታችንን፣ ዝንባሌያችንን እና የሠራናቸውን ፕሮጀክቶች ይጠይቃል።

ክህሎት ላይ 14 ነገር ደርድሬአለሁ። ፓይተን 90%፣ ጃቫ 80%፣ ጃቫስክሪፕት 75%፣ ሲ ፕላስ ፕላስ 60% እያልኩ እስከ ዶከር ድረስ። ዝንባሌ ላይ ኤአይ፣ ሳይበር ሴኪዩሪቲ፣ ክላውድ፣ የሞባይል አፕ እና ጌም ብያለሁ። ፕሮጀክቶቼ 5 ናቸው፤ ካልኩሌተር፣ የሥራ ዝርዝር መያዣ አፕ፣ የአየር ሁኔታ አፕ፣ ቻትቦት እና የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሲስተም። እውነቱን ለመናገር አራቱን ቪዲዮ እያየሁ ነው የሠራኋቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ የቡድን ሥራ ነበር።

የክፍሌ ልጆች ዝርዝር ከእኔ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ካልኩሌተር ያልሠራ የለም። በዚያ ላይ አሁን ኤአይ ይህን ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይጽፈዋል። ምን ልጨምር? ሌላ ቋንቋ ልማር? በ2 ሳምንት አንድ ትልቅ ነገር ብሠራስ? ወይስ ይቅርብኝና በሚቀጥለው ዓመት ላመልክት?

ግራ የገባት ተማሪ

ሳልረሳው፦ ለታላቅ ወንድሜ የሠራሁለት ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም አለች። እሱ አስተማሪ ነው። የፈተና፣ የአሳይመንት እና የመገኘት ዝርዝር ከተለያዩ ሰዎች በኤክሴል ይመጣለታል። የተማሪዎቹ ስም በየፋይሉ የተለያየ አጻጻፍ ስላለው አንድ ላይ ማድረግ ያሰቃየው ነበር። ፕሮግራሟ ስሞቹን አመሳስላ አንድ ሰንጠረዥ ታወጣለታለች። አንድ ጊዜ የአበባን ውጤት ለአበበ ሰጥታ ጉድ ሊፈላ ነበር፤ ወንድሜ ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ስትጠራጠር እንድትጠይቅ አድርጌአታለሁ። እሱ ራሱ መክፈት ስለማይችል በየሴሚስተሩ ይደውልልኛል። 200 መስመር እንኳ ስለማትሞላ ፕሮጀክት አትባልም ብዬ ነው ያልጻፍኳት።

መልስ፦

እህቴ፣ ዋናው ደብዳቤሽ ከፊርማሽ በታች ያለው ነው። ከላይ ያለውን ማንም የክፍልሽ ልጅ ሊጽፈው ይችል ነበር፤ ራስሽም ብለሻል። የታችኛውን ግን ካንቺ በቀር የሚጽፈው የለም። ስለዚህ አብዛኛው መልሴ ስለ እሱ ነው። መጀመሪያ የላይኛውን ቶሎ ቶሎ እንበለው።

መቶኛዎቹን አጥፊያቸው። 90% የምን? የቋንቋው ሕግጋት? አብረውት የሚመጡት ላይብረሪዎች? ፓይተን በየዓመቱ አዲስ እትም ያወጣል፤ መቶው ራሱ አይቆምም። ቅጹን የሚያነበው ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ወይ ዘሎት ያልፋል፣ ወይ ደግሞ "እስቲ ይቺን ባለ 90 ልፈትናት" ይላል። ሁለቱም አይጠቅሙሽም።

14ቱን ስሞች ደግሞ በአንድ ጥያቄ አጣሪያቸው። ነገ ጠዋት አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ "በዚህ ቋንቋ አንድ ፋይል ክፈቺና ውስጡ ያሉትን ቁጥሮች ደምሪ" ቢለኝ ሳልደነግጥ እሠራዋለሁ ወይ? አዎ ያልሽባቸውን አስቀሪ። የተቀሩትን "በኮርስ የተዋወቅኳቸው" ብለሽ በአንድ መስመር ልትጠቅሺያቸው ትችያለሽ፤ ብትተያቸውም ማንም አይጠይቅሽም። አራት ወይም አምስት ብቻ ቢቀርሽ አይክፋሽ። ዶከርን አንድ ቪዲዮ አይተሽ ከሆነ የጻፍሽው፣ ጠያቂሽ ቀኑን ሙሉ በዶከር ሲሠራ የሚውል ሰው ሊሆን እንደሚችል አስቢ።

አሁን ወደ ፕሮጀክቶቹ። ቪዲዮ እያዩ መሥራት ነውር አይደለም። ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የጀመረው። ችግሩ ሌላ ነው። ቪዲዮው ላይ ውሳኔዎቹን ሁሉ አስተማሪው ወስዶ ጨርሷቸዋል። ዳታው የት ይቀመጥ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ምን ይታይ፣ ተጠቃሚው ባዶ ቅጽ ቢልክ ምን ይሁን፣ ሁሉም ተወስኗል። አንቺ እጅሽን አለማመድሽ፤ ጥሩ ነው። ግን አንድ ሰው "ለምን እንዲህ አደረግሽው?" ሲልሽ እውነተኛው መልስ "ቪዲዮው ላይ እንዲህ ስለነበር" ነው። እኔ የአንድን ተማሪ ፕሮጀክት ሳይ የምፈልገው የዚያን ጥያቄ መልስ ብቻ ነው። የኮዱ ብዛት፣ የቴክኖሎጂው ፋሽን፣ የገጹ ማማር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፕሮጀክት ማለት ለኔ፣ ራስሽ ወስነሽ፣ ምክንያቱን መናገር የምትችይበት ሥራ ነው።

በዚህ ሚዛን ካልኩሌተሩ ይውጣ። የሥራ ዝርዝሩም ይውጣ። የአየር ሁኔታውና ቻትቦቱም ይውጡ። የቤተ መጻሕፍቱ ይቆይ፤ ግን "ሠራን" የሚለውን ትተሽ ያንቺን ድርሻ ለይተሽ ጻፊ። ዳታቤዙን የሠራሽው አንቺ ከሆንሽ አንድ ጥያቄ ተዘጋጂበት። የመጨረሻዋን ቅጂ ሁለት ሰው እኩል ለመዋስ ቢጫን ምን ይፈጠራል? ሲስተማችሁ መጀመሪያ "አለች ወይ" ብሎ አይቶ ከዚያ "ተዋሰች" ብሎ የሚመዘግብ ከሆነ ሁለቱም "አለች" የሚል መልስ ሊያገኙ ይችላሉ። መፍትሔው ትራንዛክሽን ከመቆለፍ ጋር ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች ተነጣጥለው እንዳይፈጸሙ ማሰር፣ አንዱ እስኪጨርስም ሌላውን ማስጠበቅ። ካላሰባችሁበት ዛሬ ሞክሪው። ሁለት መስኮት ከፍተሽ ራስሽ ስበሪው፣ ከዚያ አስተካክዪው። ለዚህ ሥራ ይህ ይበቃዋል።

እስቲ አሁን ወደ ወንድምሽ ፕሮግራም እንምጣ።

200 መስመር አትሞላም ብለሽ ንቀሻታል። በመስመር ብዛት ሥራ አይለካም። የምትሠራውን ነገር በደንብ ያየሽው አልመሰለኝም፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝርልሽ።

አንዱ ፋይል ላይ "ፀሐይ ኃይሉ" ተብሎ ተጽፏል። ሌላው ላይ "ጸሀይ ሀይሉ"። ለወንድምሽ ዓይን አንድ ልጅ ናት። ለኮምፒውተሩ ግን ከ6ቱ ፊደላት 3ቱ ብቻ ናቸው የሚገጥሙት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ሠ እና ሰ በአማርኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ቁጥራቸው የተለያየ ነው። ዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን የሚባሉ የማመሳሰያ ደንቦች አሉት። እነዚህን ፊደላት ግን አያዋህድም። ማዋሃድም የለበትም፤ ትግርኛ ላይ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ የተለያየ ድምፅ ናቸው። ስለዚህ ለአማርኛ ስሞች የሚሆነውን ደንብ ከየትም አውርደሽ ሳይሆን ራስሽ መጻፍ ነበረብሽ። ጻፍሽው። ቪዲዮ ላይ ያልነበረ የመጀመሪያው ውሳኔሽ ይሄ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠቁምሽ። ይህን ክፍል በረጅም የኢፍ ሰንሰለት ጽፈሽው ከሆነ ማሳጠር ይቻላል። ከሠ እስከ ሦ ያሉት ሰባቱም ፊደላት፣ ከሰ እስከ ሶ ካሉት አቻዎቻቸው ዩኒኮድ ላይ እኩል 16 ቦታ ይርቃሉ። ፀ እና ጸ ደግሞ 8 ቦታ። ሰንጠረዡ በተርታ ስለተሠራ ፊደል በፊደል ሳትዘረዝሪ ቁጥር በመደመርና በመቀነስ ብቻ ብዙውን ትጨርሻለሽ። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ ግን የራሳቸው ተጨማሪ ደንብ ይፈልጋሉ። እነሱን ከረሳሻቸው ዛሬ ጨምሪያቸው።

ሌላው ጥያቄ። ፊደላቱን የምትቀይሪው ለማነጻጸር ብቻ ነው ወይስ የመጨረሻው ሰንጠረዥ ላይም ተቀይረው ይወጣሉ? ለማነጻጸር ብቻ መሆን አለበት። የልጅቷ ስም ራሷ እንደምትጽፈው ይቆይ፤ የተመሳሰለውን ቅርጽ በተለየ ዓምድ ያዢው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ስሙ የምስክር ወረቀት ላይ የታተመ ቀን ግን ትንሽ አይደለም።

ከዚያ ክፍተቱ አለ። "ወልደ ማርያም"፣ "ወልደማርያም"፣ "ወ/ማርያም"። ሦስቱም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍተቱን አጥፍተሽ ታገናኚያቸዋለሽ። ሦስተኛው ያስቸግራል፤ ወ/ ወልደ ሊሆን ይችላል፣ ወለተም ሊሆን ይችላል። ተ/ ደግሞ ተክለ ወይም ተስፋ። እዚህ ላይ የሚገምት ፕሮግራም ይዋል ይደር እንጂ ይሳሳታል።

ወደ አበባና አበበ እንምጣ፤ የደብዳቤሽ ምርጥ ዓረፍተ ነገር ያለው እዚህ ነው። የሁለት ቃላትን ልዩነት ለመለካት በጣም የታወቀው ዘዴ የሌቨንሽታይን ርቀት ይባላል፤ ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ነው። አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመቀየር ስንት ፊደል መጨመር፣ መቀነስ ወይም መተካት እንዳለብሽ ይቆጥራል። የአልጎሪዝም ኮርስ ላይ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ስትማሩ አይተሽው ይሆናል። እና አበባ እና አበበ ርቀታቸው 1 ነው። ከበደ እና ከበደችም 1። ሰለሞን እና ሰሎሞንም 1። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥንዶች የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የመጨረሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ሆኖ ጸሐፊው ነው የተለያየው። ቀመሩ ይህን አይለይም። "ርቀቱ 1 ከሆነ አዋህድ" ብትዪው አበባን ከአበበ ጋር ይቀላቅላታል። "በትክክል ካልገጠመ አታዋህድ" ብትዪው ሰለሞን ሁለት ልጅ ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ ፈተና የሌለው፣ ሌላው አሳይመንት የሌለው።

አንቺ ምን አደረግሽ? ስትጠራጠር እንድትጠይቅ አደረግሻት። እንደ ቀላል ነገር ነው የጻፍሽው፤ አይደለም። ሁለቱ ስህተቶች ዋጋቸው እኩል አለመሆኑን አይተሻል። ተመሳሳይ ስም ቢያመልጣት ወንድምሽ አንድ ደቂቃ ያጠፋል። ሁለት ልጆችን ብታቀላቅል ግን አንዷ ያላመጣችውን ውጤት ትይዛለች፣ ያውም ማንም ሳያውቅ። ማሽን ለርኒንግ ስትማሪ ፕሪሲዥን (ይገጥማል ካልሻቸው ስንቱ በእርግጥ ገጠመ) እና ሪኮል (መግጠም ከነበረባቸው ስንቱን አገኘሽ) የሚባሉ ነገሮች ይመጣሉ። ብዙ ተማሪ ቀመራቸውን ሸምድዶ ያልፋል። አንቺ ቀመሩን ሳታውቂ ጥያቄውን ቀድመሽ አግኝተሽዋል።

ይህ ጉዳይ ስም አለው፤ ሪከርድ ሊንኬጅ ይባላል። የሕዝብ ቆጠራ የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ ባንኮች ሁሉ ያለባቸው ችግር ነው። አንድ ሰው በሁለት መዝገብ ላይ በተለያየ አጻጻፍ ሲገኝ ያው ሰው መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ኢቫን ፈለጊ እና አለን ሰንተር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት፣ እስከ ዛሬ በሚጠቀስ ጽሑፍ፣ እያንዳንዱን ጥንድ ከሦስት ቦታ በአንዱ ይመድቡታል፦ ይገጥማል፣ አይገጥምም፣ ሰው ይየው። ሦስተኛዋን ቅርጫት አየሻት? ወንድምሽ ስለ ደነገጠ ነው አንቺ እዚያ የደረስሽው። እነሱ በሒሳብ ደረሱ።

ጥያቄ የሚያበዛ ፕሮግራም ግን ሰው ያማርራል። 60 ልጅ ባለበት ክፍል 40 ጊዜ "ይሄ እሱ ነው?" ብትዪው ወንድምሽ በእጁ መሥራት ይሻለኛል ይልሻል። ስለዚህ አንዴ የመለሰልሽን አስቀምጪ። ሰለሞን እና ሰሎሞን የዚህ ክፍል አንድ ልጅ መሆኑን ካረጋገጠ በሚቀጥለው ሴሚስተር ደግመሽ አትጠይቂው። የተማሪ መለያ ቁጥር ያለበት ፋይል ካለ ደግሞ ስሙን ትተሽ መጀመሪያ በቁጥሩ አገናኚ። ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው።

ፍጥነቱስ? እያንዳንዱን ስም ከእያንዳንዱ ጋር ብታነጻጽሪ 60 በ60 3,600 ነው፤ ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል። 10,000 በ10,000 ሲሆን ግን 100 ሚሊዮን ማነጻጸር ይሆናል። ለወንድምሽ ይህ ችግር ስላልሆነ አሁን አትንኪው። ጠያቂ ቢያነሳብሽ ግን መልስ ይኑርሽ፤ የመጀመሪያ ፊደላቸው ወይም ክፍላቸው አንድ የሆኑትን ብቻ በየቡድኑ ማነጻጸር፣ ለምሳሌ። "አያስፈልግም ብዬ ትቼዋለሁ፤ ካስፈለገ እንዲህ አደርገዋለሁ" የሚል ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም።

"ትንሽ ናት" የሚለውን ሐሳብ ለመጨረሻ ጊዜ ላስወጣልሽ። ከኢንተርኔት ዳታ የሚያመጣውን፣ ከርል የሚባለውን ፕሮግራም ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ሳትጠቀሚበት አልቀረሽም። ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለቻት ሮቦቱ የምንዛሪ ተመን ከኢንተርኔት የሚያመጣለት ነገር ፈለገ። ከዜሮ እንኳ አልጀመረም። ሌላ ሰው የጻፋትን ትንሽ ፕሮግራም ወስዶ ማሻሻል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሁኑን ስሙን አገኘ። ዛሬ ስልክ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ውስጥ፣ መኪና ውስጥ አለ። ያንቺ እንዲያ ትሆናለች ማለቴ አይደለም፤ እንዳትስቂብኝ። የሚረባ ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰው ትንሽ ችግር እንደሚነሳ ለማሳየት ነው።

እሺ፣ 2 ሳምንቱን በምን እናሳልፈው? አዲስ ነገር አትጀምሪ። ይችኑ ጨርሻት።

ያልተጨረሰው ነገር ደብዳቤሽ ውስጥ አለ፤ በየሴሚስተሩ ይደውልልሻል። አንቺ በሌለሽበት የማትሠራ ፕሮግራም ገና ያንቺ ደብተር ናት። ወንድምሽ ተርሚናል መክፈት አይጠበቅበትም። ፋይሎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ አስገብቶ አንድ ነገር ሲጫን የምትሠራ ይሁን። ፓይተን ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የምትከፈት አድርጎ የሚያሽጋት ፓይኢንስቶለር የሚባል መሣሪያ አለ። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጪና አፍሽን ዝጊ። የት ጋ እንደሚቆም፣ ምን አንብቦ እንደማይገባው ብቻ ጻፊ። በጣም ከባድ ነው፤ እጅሽ ወደ ማውሱ ይሄዳል። አትንኪ።

አንድ ነገር እንደሚገጥምሽ ከወዲሁ ልንገርሽ። ውጤቱን በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አውጥተሽ ኤክሴል ሲከፍተው አማርኛው ተበላሽቶ ሊታይ ይችላል። ፋይሉ ምንም አልሆነም። የዩኒኮድ ቁጥሮች ፋይል ላይ በሚጻፉበት በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ኤክሴል ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ካላወቀ በሌላ ኮድ ሊያነበው ይሞክራል። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የምትባለዋን ባለ 3 ባይት ምልክት ብትጨምሪ ይገባዋል። ፓይተን ይህን የሚያደርግ ዝግጁ ኢንኮዲንግ አለው። ወይም በቀጥታ የኤክሴል ፋይል አውጪ።

ከዚያ ቴስት፣ ማለትም ፕሮግራሟ በትክክል መሥራቷን የሚያረጋግጥ ትንሽ ኮድ። መቶ አያስፈልግም። ፀሐይና ጸሀይ መግጠም አለባቸው። አበባና አበበ ሳይጠየቅ መግጠም የለባቸውም። ሰለሞንና ሰሎሞን ጥያቄ ማስነሳት አለባቸው። ባዶ ስም ሲመጣ መውደቅ የለባትም። ሙሉ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ቢኖሩ ዝም ብላ መደመር የለባትም፤ ይህን ሞክረሽው ታውቂያለሽ? ሳታውቂ ብትቀሪ አልገረምም። የአበባው ቴስት አጠገብ ደግሞ በኮሜንት ለምን እንደተጻፈ አስቀምጪ። ኮድሽን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን እንዲሆን እመኛለሁ።

አሁን የምለው ምክር አይደለም፤ ማሳሰቢያ ነው። የወንድምሽን ተማሪዎች ትክክለኛ ስምና ውጤት ኮድ በሚጋራበት ድረ ገጽ በጊትሃብ ላይ እንዳታወጪ። ቀድሞ አውጥተሽው ከሆነ ፋይሉን መሰረዝ ብቻ አይበቃም። ከጊትሃብ ጀርባ ያለው ጊት የተሰራው የድሮውን ሁሉ እንዲያስታውስ ነው፤ የተሰረዘው ፋይል የቀድሞ ኮሚቶች (የተመዘገቡ የሥራ እርምጃዎች) ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በዚህ ሁኔታ ቀላሉ መንገድ ማከማቻውን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ በፈጠራ ስሞች እንደ አዲስ መጀመር ነው። ኤአይ ስትጠይቂም እንዲሁ፤ የልጆቹን ዝርዝር ገልብጠሽ አትለጥፊ። የፈጠራ ስም 20 ያህል ጻፊ፤ አስቸጋሪዎቹን ሁሉ ያካተቱ ይሁኑ። ለቴስትሽም እነሱ ያገለግላሉ።

ስለ ኤአይ የጠየቅሽው ራሱ ይህ ነው። አዎ፣ ካልኩሌተሩን በደቂቃ ይጽፈዋል። የሌቨንሽታይንንም ይጽፍልሻል፤ ተጠቀሚበት፣ ማንም አይቆጣሽም። ግን አበባ ላይ የደረሰውን አያውቅም። ወንድምሽ ጥያቄ ሲበዛበት እንደሚማረር አያውቅም። ወ/ ሁለት ነገር መሆኑን ካልነገርሽው አንዱን መርጦ በሙሉ ልብ ሊቀጥል ይችላል። ደንቤ አጭር ነው፤ ፋይልሽ ውስጥ ያለ መስመር ሁሉ፣ ማንም ይጻፈው ማን፣ አንቺ የምታስረጂው ይሁን። ማስረዳት ያቃተሽን መስመር ወይ አጥኚው ወይ ሰርዢው።

ዝንባሌ የሚለውን ክፍል እንዴት ልሙላው ብለሽ አምስት ትልልቅ ስሞች ጽፈሻል። አምስቱን ባንድ ላይ ያነበበ ሰው ገና እንዳልመረጥሽ ነው የሚረዳው። ደግሞም አልመረጥሽም፤ በ3ኛ ዓመት መምረጥም ግዴታ የለብሽም። ግን ሳይታዘዝሽ የሠራሽው ነገር ዝንባሌሽን ከቅጹ በፊት ተናግሯል። የተበላሸ፣ የተዘበራረቀ፣ ሰው በእጁ የጻፈው ዳታ ይስብሻል። የአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚነሳ ጥያቄ ያስቆምሻል። "ዳታን ማጽዳትና ማገናኘት፤ የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር" ብትዪ እውነት ነው፤ ሁለት ጥያቄ ተከታትሎ ቢመጣብሽም የምትመልሽው አለሽ። ኤአይ የሚለውን ማስቀረት ከፈለግሽ ከዚህ ጋር አያይዢው። የጌሙን ግን፣ አንድም ጌም ሠርተሽ የማታውቂ ከሆነ፣ ተዪው። መጫወት ክህሎት አይደለም፤ ልጆች ይቅር በሉኝ።

ሌላ ቋንቋ መማር? አሁን አይደለም። ይልቅ ያለሽን ፓይተን አንድ ደረጃ ጥለቂበት፤ ያን ሁሉ ኮድ ወደ ትንንሽ ፈንክሽኖች ከፍለሽ ስማቸውን አስተካክዪ። ስህተት ሲፈጠር ለወንድምሽ በአማርኛ የሚገባው መልእክት ይውጣ። "ፋይሉ ውስጥ ስም የሚል ዓምድ አላገኘሁም" ከ20 መስመር ቀይ ጽሑፍ ይሻላል።

ቅጹ ላይ እንዲህ ብትጽፊው ደስ ይለኛል፤ የራስሽ ቃላት ይሁኑ እንጂ፦ "ከተለያዩ ፋይሎች የሚመጡ የተማሪ ስሞችን የሚያገናኝ የፓይተን ፕሮግራም። በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ለማነጻጸር ያመሳስላል፤ የመጀመሪያውን አጻጻፍ አይቀይርም። ሲጠራጠር ለተጠቃሚው ያቀርባል፤ በራሱ አይወስንም፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ማገናኘት ከጎደለ ማገናኘት የከፋ ጉዳት ያመጣል። አንድ አስተማሪ ይጠቀምበታል። ገና ያልፈታው፦ እንደ ወ/ እና ተ/ ያሉ አሕጽሮቶች።" "ገና ያልፈታው" የሚለውን እንዳታወጪው። ብዙ ሰው ድክመት መጻፍ ያስፈራዋል። የሥራሽን ጫፍ የምታውቂ መሆንሽን የሚያሳየው ግን ይህ መስመር ነው። ይህንኑ ትንሽ አስፍተሽ፣ እንዴት እንደምትከፈትና አንድ የፈጠራ ምሳሌ ጨምረሽ ሪድሚ ፋይሉ (ከኮዱ ጋር የሚቀመጠው ማብራሪያ) ላይ አስቀምጪ።

በሚቀጥለው ዓመት ላመልክት ወይ ላልሽው፣ ኧረ አይሆንም። ዘንድሮ ላኪ። ባይቀበሉሽ እንኳ ቅጹን አንዴ ሞልተሽ ታውቂያለሽ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ማመልከት ትችያለሽ። ሪድሚው ያለቀ ቀን ላኪው፤ አሽጎ ማውጣቱና የቀረው ማሻሻያ ከላክሽ በኋላም ሊቀጥል ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከመላክሽ በፊት ወንድምሽን ጠይቂልኝ። ፕሮግራሟ ከመኖሯ በፊት ያንን ሰንጠረዥ ለማዘጋጀት ምን ያህል ጊዜ ይወስድበት ነበር? አሁንስ? "ሥራውን በ80% ቀነስኩ" የሚል ከአየር ላይ የተያዘ ቁጥር እንዳትጽፊ። እሱ "ሁለት ማታ ይፈጅብኝ ነበር፣ አሁን ግማሽ ሰዓት" ካለሽ ያንኑ ጻፊ። "ብዙም አልቀነሰልኝም፣ ግን ስህተት ቀርቶልኛል" ካለሽም ያንኑ።